ስንዴ ትበላለች አይደል?

«የስንዴው ሕመም ምርመራ የሚይዘው ስንዴ እየበላ ያለን ሰው ብቻ ነው» አለ ዶክተር ዴቅ። «ስንዴ ትቶ የከረመ ሰው ደሙ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ባለቤትዎ ግን ስትበላ ነው የቆየችው። ስለዚህ ወረቀቱን እናምነዋለን ጋሽ ካሣዬ። የጎዳት ስንዴ አይደለም።»

ሶሲና የንፍሮውን ትሪ እንደያዘች ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆመች። እህቷ ለተማርያም የተቀበረችው ትናንት ነው። የጅጅጋ ንፋስ የእድሩን ሸራ ይደበድባል፣ አቧራው በሰዉ ጫማ መሀል ይሽከረከራል። ጥያቄውን የጠየቀው የሟች ባል ካሣዬ ነበር። ሰው ብዙ ስለሚያወራ፣ በጥር የተደረገው ያ የደም ምርመራ ልክ ነበር ወይ ብሎ ሐኪሙን ጠየቀው። ታካሚው ሲሞትበት ለቅሶ የሚደርስ ሐኪም በከተማው ብዙ የለም፤ ዴቅ ግን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ፣ እንደማንም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ለዚህ አከበረው። ምነው ባልመጣ ኖሮ ብላ የተመኘች ሶሲና ብቻ ናት።

የካሣዬ ልጅ ልደት የእጅ ውኃ ማስታጠቢያ ይዛ በወንዶቹ ፊት አለፈች። ዴቅ በዓይኑ ተከተላት።

«ይቺ ልጅዎ ናት? ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አንድ ሞላት።»

ሐኪሙ ስምንት ብሎ ገምቶ ነበር። ጠራትና የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቱ ዝቅ አድርጎ አየ። ውስጡ ደም የለውም። ሆዷን ያማት እንደሆነ ጠየቃት፣ እሷም አባቷን አየት አድርጋ «አንዳንዴ» አለች።

«እንዲህ ያለ ነገር በዘር ይሄዳል» አለ ዴቅ ወደ ካሣዬ ዞሮ። «እናቷ ላይ የስንዴው ሕመም ተገኝቶ ቢሆን ልጅቷን ዛሬውኑ ለሱ ነበር የምመረምራት። እሱን ግን ከዚህ ቤት ሰርዘነዋል። ከሠልስት በኋላ ያምጡልኝ፤ ከትላትሉ፣ ከሳንባው እንጀምራለን።»

«ከሠልስት በኋላማ እህቴ ወደ ሐረር ይዛት ትሄዳለች» አለ ካሣዬ። «ጠበል ትጠመቅ። በሶውን እየጠጣች፣ ቂጣውን እየበላች ትንሽ ሥጋ ታውጣ። ሐኪምን በእናቷ አየሁት ዶክተር። አትቀየመኝ።»

ዴቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን አቧራ ጠረገ።

«ሶሲና፣ ንፍሮው ሰው እየጠበቀው ነው» አለች አንዲት የእድር ሴት ከኋላ። ሶሲና ትሪውን ለሴትዮዋ አቀበለችና ወደ ጓሮ ወጣች። የውኃ በርሜሉን ተደግፋ ቆመች። ነገ ሠልስት ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ገብስና ስንዴ ወደሚቀልቧት ቦታ ትሄዳለች። ዶክተሩ የሚያምነው ወረቀት ሐሰት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ ትናንት አፈር ለብሳለች።

*

ለተማርያም ልብስ ሰፊ ነበረች። በጅጅጋ ገበያ ካሉት ሱቆች ባንዷ ውስጥ፣ ለሶማሌ ሙሽሮች ዲራዕ የሚሉትን ሰፋ ያለ ስስ ቀሚስ ትሰፋለች። ስትለካ ታወራለች፣ ስትቆርጥ ታወራለች፣ በሶማሊኛ የምትቀልደው ከአማርኛው ይብሳል። ሙሽራዋ አፍራ ስትገባ ስቃ ነው የምትወጣው። ሶሲና በሰባት ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት ለተ አምስት ዓመቷ ነበርና ያሳደገቻት ሶሲና ናት፤ ለተ ካሣዬን ስታገባም ከጓሮ ያለችው ክፍል ተሰጥታት አብራ ገባች። ሌላ ቤት የላትም። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት እጇ ነው። የሶሲናን ድፎ ዳቦ የበላ ሰው በከተማው ዳቦ ቤት ላይ ያላግጣል።

ለተማርያም ያንን ዳቦ እየበላች ከሳች። ከልደት በኋላ ሁለት ጽንስ ወረደባት። ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። አንዱ ሐኪም ታይፎይድ ይላል፣ ሌላው አሜባ፣ ሦስተኛው የደም ማነስ ብሎ እንክብል ይሰጣል። በየሁለት ወሩ የራሷን ቀሚስ ከጎን ታጠብባለች። «ሶስዬ፣ እኔ እኮ የራሴ ጥሩ ደንበኛ ሆንኩ» ትል ነበር መርፌውን በጥርሷ ይዛ። ሶሲና ግን መድኃኒቱን የምታውቀው መሰላት። ጠዋት በሶ፣ ቀን ካሣዬ ከቶጎጫሌ በካርቶን የሚያመጣው ፓስታ፣ ማታ ዳቦ። ካሣዬ በዚያ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው፤ ከመንገድ ሲገባ የሚስቱን ክንድ በሁለት ጣቱ ከቦ ይለካና ዝም ይላል።

ከዚያ በነሐሴ ከደገሀቡር ትልቅ ሥራ መጣ። የአንድ ሀብታም ቤት ሦስት ሴት ልጆች ተከታትለው ሊዳሩ ነው፣ ሰፊዋ እዚያው ተቀምጣ ትስፋልን ተባለ። ለተማርያም የጎረቤታቸው የቃሊ እህት ነስራ ቤት አረፈች። አምስት ወር ሩዝ በላች፣ የፍየል ሥጋ በላች፣ የግመል ወተት ጠጣች። በታኅሣሥ ስትመለስ ጉንጯ ሞልቶ ነበር፤ የሆድ ነገርም ቀርቶላታል። ደሟ ብቻ ገና አልተመለሰም።

ሶሲና ለአቀባበሉ ዳቦ ጋግራ ነበር። ለተ ቁራሽ አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«ስንዴሽ ሆዴን ይጎትተዋል ሶስዬ። አትቀየሚኝ።»

ሶሲና ተቀየመች። ለተ ምሳዋን ቃሊ ቤት እየሄደች ሩዝ መብላት ስትጀምር ደግሞ ሦስት ቀን አኮረፈች።

*

ዴቅ ክሊኒክ የሄዱት በጥር፣ የደሟን ነገር ለማየት ነው። ያን ዕለት ደጁ ላይ ሠላሳ ሰው ይጠብቀዋል። የአንጀቷን ታሪክ ሰማ፣ የወረዱትን ጽንሶች ሰማ። «ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለ» አለ። «ስንዴና ገብስ የአንዳንዱን ሰው አንጀት ይጎዳል። ደም ወስደን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን።» ከዚያ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ስንዴ ትበላለች አይደል?»

ለተማርያም አፏን ከፈተች። ሶሲና ግን ቀደመቻት።

«እንዴታ ዶክተር። ዳቦው፣ ፓስታው፣ በሶው፣ ምን ጎድሎባት። የማትበላው የለም።»

«አትበላም» የሚለው ቃል በሶሲና ጆሮ «አናበላትም» ነው የሚለው። በእናት ፋንታ ያሳደገች፣ እጇ በከተማ የተመሰገነላት ሴት፣ ሰው ፊት ቀርባ፣ ያውም ወረቀት ላይ በሚጻፍበት ቦታ፣ እህቴ ቤቴ አትበላም ልትል ነው? ምላሷ ላይ የነበረው ይሉኝታ ነው እንጂ ክፋት አልነበረም። ለተ እህቷን ዘወር ብላ አየቻት። እውነቱን ብትናገር ሶሲና እንደምታፍር ገባት።

«የእህቴን ዳቦ ማን ይተዋል ዶክተር» አለች።

ባጃጅ ውስጥ ገብተው ትንሽ እንደሄዱ ለተ ሳቋ አመለጣት። «ዋሸነው እኮ።»

«ምን ልበለው? ከጎረቤት እየለመነች ሩዝ ትበላለች ልበለው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ዶክተር ሰው ነው እንዴ?»

እየሳቁ ቤት ገቡ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሳቁበት ነገር ስለነበረ ደግሞ ጨርሰው ረሱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ምንም የለም። «ይኸው ስንዴዬ ነጻ ወጣ» አለች ሶሲና፣ በዚያው ቀን ድፎ ደፋች። ለተማርያምም ወረቀት ስላየች፣ ያኔ ደህና የሆንኩት በአየሩ ነው ብላ በላች። ከጥር እስከ ግንቦት በላች። ሲያስመልሳት «ማሩን ጨምሪበት» እያለች በላች። በመጨረሻው ሳምንት ሳንባዋን ብርድ መታት፣ ሰውነቷ የሚታገልበት አልነበረውምና በሦስተኛው ቀን ሄደች።

*

ሐኪሙ በመጣበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጥላ ስር ተቀምጠው ያንሾካሽካሉ። የዓይን ነገር ነው ትላለች አንዷ። ሌላዋ ያው የምታውቁት በሽታ ነው፣ ቤተሰቡ ደብቆ ነው ትላለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ደግሞ ሦስተኛዋ ትደመድማለች። ሶሲና ሰማች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥታ ትሞልጫቸው ነበር። አሁን ግን ልደትን በዓይኗ ፈለገች።

ልደት ንፍሮ በመዳፏ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ሶሲና የልጅቷን እጅ ወደ ራሷ ሳበችና ስንዴውን ፍሬ በፍሬ እየለቀመች ወደ ነጠላዋ ጫፍ መጣል ጀመረች። ባቄላና ሽምብራው ብቻ ቀረ። ምሳ ላይ ከልጅቷ ሳህን ዳቦውንም አንስታ ቃሊ ባመጣችው ሩዝ ተክታዋለች። ለማንም ሳትናገር፣ ዝም ብላ ልታድናት ነው ሐሳቧ።

«ምነው ሶሲና» አለች ከሐረር የመጣችው የካሣዬ እህት። «ለእናት አልባ ልጅ ስንዴ ይሰሰታል?»

ካሣዬ ከድንኳኑ ውስጥ ቀና ብሎ አየ። የሶሲና ጣቶች ልደት መዳፍ ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«ጥሬ ነው፤ አልበሰለም» አለች። ሁለተኛ ውሸት። የመጀመሪያው ሳቅ ነበረው፣ ይሄኛው አልነበረውም።

ከጓሮ በኩል ያለው አጥር አጭር ነው። ቃሊ የለቅሶተኛውን ሻይ ከራሷ ምድጃ እያፈላች ታቀብላለች። ሶሲና ፔርሙዙን ስትቀበላት እጇን አልለቀቀቻትም፤ የጥር ወሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ቃሊ የራስ መሸፈኛዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ሰማች።

«አባዮ» አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ነስራ ቤት ደህና ሆና ስትመጣ እኔም ገባኝ። ሩዝ ተስማማት፣ ስንዴ አልተስማማት። ወላሂ ገባኝ። ግን አንቺ ተቀየምሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። የሰው ቤት ምግብ መንቀፍ ነውር ነው ብዬ።»

«ካሣዬ ከሰማ ያባርረኛል።»

«ካባረረሽ እኔ ቤት ትመጫለሽ። ክፍል አለኝ።» ቃሊ ወደ ድንኳኑ በአገጯ አመለከተች። «ልጅቷስ? የት ትመጣለች? ለእኔ መንገር ምን ያደርጋል፣ ለአባትየው ንገሪ።»

*

በሠልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሰዉ እህል ቀምሶ መበተን ሲጀምር፣ የካሣዬ እህት የልደትን ቦርሳ በር ላይ አወጣች። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የትምህርት ቤት ጫማ። የሐረሩ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። ሶሲና ጠዋት ለዴቅ ደውላ ጠርታው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ስለ ልጅቷ ነው፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ይምጡልኝ» ብቻ አለችው። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ሰባት ሆነ። ሶሲና በየመኪናው ድምፅ ወደ በሩ ስትሮጥ ሴቶቹ ይተያያሉ።

ሰባት ተኩል ሲል መጣ። ሶሲና እሱንና ካሣዬን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። የለተማርያም የስፌት መኪና ነጠላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ቁጭ በሉ አላለቻቸውም፤ ከተቀመጡ ልቧ የሚሸሽ መሰላት።

«በጥር ስንዴ ትበላለች ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር ዶክተር። ትበላለች ብዬ መለስኩ። አትበላም ነበር።»

ዴቅ ፊቱን አጠቆረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ደገሀቡር ከሄደችበት ከነሐሴ። ከተመለሰችም በኋላ ሩዝ ነበር የምትበላው፣ ከቃሊ ጋር። አፍሬ ነው የዋሸሁት። እህቷ አታበላትም እንዳይሉኝ ብዬ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ይኸው ስንዴው ነጻ ነው ብዬ አበላኋት።»

ዴቅ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። ስድስት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ያ ወረቀት ምንም አይነግረንም» አለ። «ነበረባት ማለት አልችልም፣ አልነበረባትም ማለትም አልችልም።» ቀጥሎ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔም ለምን እንደምጠይቅ አልነገርኳችሁም እትዬ ሶሲና። ቀና ብዬ እንኳን አላየኋችሁም። ደጁ ላይ ሰው ነበረብኝ» አለ።

ካሣዬ ከስፌት መኪናው አጠገብ እንደቆመ ነው።

«ከጥር እስከ ግንቦት» አለ። «በየቀኑ፣ በእጅሽ።»

«በእጄ» አለች ሶሲና።

እሱ እጁን ሲያነሣ የሚመታት መሰላት፤ ቢመታትም አትሸሽም ነበር። ካሣዬ ግን እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ተደገፈ። በሦስቱ ቀን ሰው ፊት ያላለቀሰው ሰው አሁን አለቀሰ። ሶሲና ልታባብለው አልደፈረችም። ከውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ የካሣዬ እህት በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

«መኪናው ደርሷል፣ ልጅቷን አምጧት።»

«አትሄድም» አለ ካሣዬ ከግድግዳው ሳይዞር።

«ምን ማለትህ ነው? ተስማምተን አልነበረም?»

«አትሄድም አልኩሽ እህቴ። ቦርሳዋን መልሽው።»

ዴቅ ልደትን አስጠራት። አሁን የሚጽፍበት ወረቀት በእጁ አልነበረም፤ ሦስቱንም ተራ በተራ አየና ዝግ ብሎ ነገራቸው። ደሟን ነገ ጠዋት እወስዳለሁ አለ። በሽታው ካለ የሚታየው ስንዴ እየበላች ሳለ ብቻ ነው። በደሟ ከተገኘ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዳ አንጀቷ በመሣሪያ ይታያል፣ እስከዚያ ድረስም በየቀኑ ዳቦ መብላት አለባት። ምናልባት አንድ ወር፣ ምናልባት ሁለት። «አሁን ልጠይቃችሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ» አለ። «ትበላለች?»

«እስከ ትናንት ጠዋት ትበላ ነበር» አለች ሶሲና። «ከትናንት ወዲህ እኔ ከልክያታለሁ።»

«ሁለት ቀን ችግር የለውም። ግን ዛሬውኑ ትመለስ።»

«እናቷን የገደለውን ላብላት?» አለ ካሣዬ። «ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን?»

«ከተወች ወረቀቱ ዳግመኛ ይዋሸናል ጋሽ ካሣዬ። በሽታው ሳይታወቅ ስንዴ መከልከል ጨለማ ውስጥ መሄድ ነው። ከታወቀ ግን መድኃኒቱ መተው ብቻ ነው፤ ልጅቷ ታድጋለች። እስኪታወቅ ትብላ።»

ልደት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየች፤ ስለ እሷ እንደሆነ ገብቷታል። ካሣዬ ወጥቶ ሴቶቹ ካሉበት ሲመለስ በእጁ የዳቦ ቁራሽ ይዟል። ልደት ፊት ተንበረከከ። ዳቦውን ወደ እሷ ዘረጋ፣ መለሰው፣ ደግሞ ዘረጋ። አልሆነለትም። ተነሣና ቁራሹን ሶሲና መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ዓይኗን አላየም።

«አንቺ አብዪያት» አለ፣ አልጋው ላይ ከዴቅ ጎን ተቀመጠ።

ይቅርታ ይሁን ቅጣት ሶሲና አላወቀችም። ምናልባት እሱም አላወቀም። ልደት አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ለጉርሻ የምትሆን ቆረሰች።

«እቴቴ፣ ለስንት ቀን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ዶክተሩ በቃ እስኪል ነው ልድዬ። ሆድሽን ካመመሽ ወዲያው ንገሪኝ። አሞኛል ለማለት እንዳታፍሪ። ማንንም እንዳታፍሪ፣ እኔንም።»

«እሺ።»

ሶሲና እጇን አነሣች። ስንት ሺህ ጊዜ ያጎረሰ እጅ ነው፤ አሁን ከልጅቷ አፍ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ፣ አልንቀሳቀስ አለ። ልደት ጠበቀች። ከዚያ በቀጫጭን ጣቶቿ የአክስቷን የእጅ አንጓ ያዘች፣ ወደ አፏ ስባ ጎረሰች።